እንሶስላ ለምን በሳሙና አይለቅም?

ለሠርግ ወይም ለዓውደ ዓመት እንሶስላ የሞቀች ሴት በማግስቱ ሊጥ ብታቦካ ሊጡ አይቀላም። ልብስ ብታጥብ ውሃው አይደፈርስም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንኳ ብትሞክር ጥፍሯ ላይ ያለው ቀለም ንቅንቅ አይልም። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ማንም ሳይነካው ከመዳፏ ላይ እየደበዘዘ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ተቀባ ለማለት ይከብዳል። እንሶስላ ቆዳው ላይ አያርፍም፤ ከቆዳው ጋር ይዋሃዳል። ይህን የተረዳ ሰው እናቶች ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ሁሉ ለምን እንደሚደረግ ይገባዋል፤ የቱ የመድኃኒትነት ወሬ ልክ እንደሆነና የቱ አደገኛ እንደሆነም መለየት ይችላል።

መጀመሪያ ተክሉን እንየው። ከተሜው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሥሩን ነው፤ አበባውን ያየ ጥቂት ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከደጋችን አበቦች መካከል እንደ እንሶስላ የሚያምር ብዙ የለም። ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ሲሆን፣ ስሙን በ1847 (እ.ኤ.አ.) ያወጣለት ፈረንሳዊው የዕፅዋት አጥኚ አሺል ሪሻር ነው። በአንዳንድ አካባቢ ጉሽርጥ ይሉታል። ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ ስለዚህ በደን ዳር፣ በጅረት ዳርና በገደል ሥር በሚገኝ እርጥብ መሬት ይበቅላል። በየቤቱ ጓሮ የሚተክሉትም አሉ። ግንዱ ለስላሳና ውሃ የቋጠረ ነው፤ ሲመቸው ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው። ከኋላው ደግሞ ቀጭንና ጠምዘዝ ያለ ቱቦ ይወጣል፤ ርዝመቱ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። የአበባው ማር የሚገኘው ከዚህ ቱቦ ጫፍ ስለሆነ ተራ ንብ አትደርስበትም። ሽታው የሚበረታውም ሲመሽ ነው፤ ደንበኞቹ ረጅም ምላስ ያላቸው ትልልቅ የሌሊት ራቶች ናቸውና።

ዘሩን የሚበትንበት መንገድም የራሱ ነው። ፍሬው ሲበስል ጣት ሲነካው ፈንድቶ ዘሩን ወዲያና ወዲህ ይረጫል። ይህ ባሕርይ የእንሶስላ ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ከ1,000 በላይ ዝርያ ያለው የዚህ ወገን ሁሉ ነው። በአገራችን ብቻ የሚበቅለው ቀይ አበባ ያለው ኢምፓቲየንስ ሮቲ ከዚሁ ወገን ነው፤ እሱንም በአንዳንድ ቦታ እንሶስላ ይሉታል። በየሆቴሉና በየበረንዳው በማሰሮ የሚተከለው ሮዝና ቀይ አበባም የእንሶስላ ዘመድ ነው። አንድ የሂማላያ ዘመዱ በ1839 (እ.ኤ.አ.) ለጌጥ ተብሎ እንግሊዝ ገባ፤ ዘሩን ሜትሮች ድረስ እያፈናጠረ የወንዝ ዳሩን ሁሉ ወረሰ፤ ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት የወራሪ ተክሎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

የእኛን እንሶስላ ከብዙዎቹ ዘመዶቹ የሚለየው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። እንደ ድንች ወፈር ያለ ሥር አለው። ክረምት ከበጋ የሚያኖረው እሱ ነው፤ ከላይ ያለው ግንድ ቢደርቅም ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቀለሙም ያለው እዚያው ነው።

አሠራሩን የማያውቅ ካለ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይታጠባል፤ ተልጦ ወይም ተፍቆ በሙቀጫ እስኪልም ይወቀጣል። ልሙ መዳፍ ላይ፣ ጣቶች ላይ፣ ጥፍር ላይ፣ በእግርም ከውስጥና ከጠርዙ ይለጠፋል። ከዚያ በሰፊ ቅጠልና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ሌሊቱን ያድራል። ሙሽራዋ ብቻዋን አትሞቅም፤ ሚዜዎቿ፣ እህቶቿ፣ የሰፈሩ ልጃገረዶች አብረው ይታሰራሉ። እጅ ከታሰረ መሥራት አይቻልምና ምሽቱ የጨዋታና የዘፈን ይሆናል፤ ያልታሰረችው ለታሰሩት ታጎርሳለች። ጠዋት ሲፈታ ልሙ ይራገፋል፤ ከሥሩ ብርቱካናማ ቀለም ይታያል። ያን ጊዜ «አልያዘልኝም» ብላ የምታዝን ሙሽራ አትጠፋም። አዋቂዎቹ «ቆይ፣ ነገ ታዪዋለሽ» ይሏታል። እውነትም በማግስቱ ቀልቶና ጠቁሮ ይገኛል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው በሥሩ ውስጥ የሚገኝ ናፍቶኪኖን የተባለ የውህድ ቤተሰብ ነው። ከቤተሰቡ በጣም የታወቀው ሎሶን ይባላል። የሂናን ቅጠል ቀለም ሰጪ ያደረገውም ይኸው ሎሶን ነው። እንሶስላና ሂና ግን በዝምድና የማይገናኙ ተክሎች ናቸው። ሂና ሙቀትና ደረቅ አየር የሚወድ እንጨታማ ቁጥቋጦ ሲሆን ቀለሙ በቅጠሉ ላይ ነው፤ እንሶስላ ደግሞ የቀዝቃዛና የእርጥብ አገር ሥራሥር ነው። ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ አንድ ዓይነት ኬሚካል መሥራት ችለዋል። የሐረርና የምሥራቁ ቆላ ሴት ሂና፣ የደጋዋ ሴት እንሶስላ የያዙት በሃይማኖትና በባሕል ልዩነት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ባሕሉን ከሥር የያዘው ግን ከፍታው ነው፤ እያንዳንዱ አገር መሬቱ የሰጠውን ቀለም አነሣ።

አሁን ወደ ቆዳው እንግባ። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሴሎች ድርድር ነው፤ የተሠራውም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ጥፍርና ፀጉርም ከዚሁ ፕሮቲን ናቸው። የሎሶን ሞለኪውል ትንሽ ስለሆነ በእርጥብ ልም ውስጥ ሟሙቶ በእነዚህ የሞቱ ሴሎች መካከል ይሰርጋል። ከዚያም በኬራቲኑ ላይ ካሉት የናይትሮጅንና የድኝ ጫፎች ጋር ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራል። ቆዳ ፋቂ የበሬውን ቆዳ ከዕፅ በተገኘ ማልፊያ ዘፍዝፎ ቀለሙን ለውጦ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ እዚህም የሚለወጠው ራሱ ፕሮቲኑ ነው። ሳሙና የሚያነሣው ቆዳ ላይ ያረፈን ቅባትና ቆሻሻ ነው፤ የተሳሰረ ሞለኪውልን የመፍታት አቅም የለውም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ያው ነው፤ የደረቀን ቀለም ያሟሟል እንጂ ትስስር አይፈታም።

ከዚህ በኋላ የእናቶች ሥርዓት ሁሉ ትርጉም ያገኛል። ለምን ይታሰራል? ልሙ ከደረቀ ሎሶኑ የሚጓዝበት ውሃ ስለሚጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ቅጠሉ እርጥበቱን ያቆይለታል። ለምን ሙቀት ይፈለጋል? እንደ አብዛኛው ኬሚካላዊ ለውጥ ይህም በሙቀት ይፈጥናል፤ እጅ ታስሮ ከብርድ ልብስ ሥር ሲያድር የራሱ ሙቀት ይበቃዋል። ለምን ሌሊቱን ሙሉ? ሎሶን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው፤ በሁለት ሰዓት የተፈታ እጅ ላይ ላዩን ብቻ ይይዛል። የማግስቱ ጥቁረትስ? የተሳሰረው ቀለም አየር ሲያገኘው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ኦክስጅን እየወሰደ ይጠቁራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እጅን ውሃ ውስጥ ባይዘፈዝፉ ይመረጣል። ሂና የሚጠቀሙ ብዙ ሴቶች ጠዋት ዘይት የሚቀቡት ውሃ ለመከላከል ነው።

መዳፍና የእግር ውስጥ ከእጅ ጀርባ ይልቅ የሚጠቁሩበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የሞተው ሽፋን መዳፍና ተረከዝ ላይ ብዙ እጥፍ ወፍራም ስለሆነ የሚይዘው ኬራቲን ብዙ ነው። የእጅ ጀርባ ስስ ነው፤ ቀለሙም ስስ ይሆናል፣ ቶሎም ይጠፋል። ቀለሙ የሚሄደው ቆዳው ራሱ ሲረግፍ ነው። በየቀኑ ሳናየው የላይኛው ሽፋን ይረግፋል፣ ከታች አዲስ ይተካል፤ ቀለሙም አብሮ ይራገፋል። ሳህን አጣቢ እጅ ላይ ቶሎ የሚለቀውም ለዚህ ነው፤ ሳሙናው ቀለሙን አላጠበውም፣ መፈተጉ ቆዳውን አፋጥኖ አራገፈው እንጂ።

ጥፍር ግን አይረግፍም፤ እያደገ ይቆረጣል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ ለመስቀል እንሶስላ የሞቀች ልጅ ለጥምቀት ጃን ሜዳ ስትወጣ ከጥፍሯ ሥር ያለው ነጭ፣ ጫፉ ግን አሁንም ቀይ ሆኖ ልታገኘው ትችላለች። የእግር ጥፍርማ ከዚያም የዘገየ ነው። ኮሪያውያን የእንሶስላን ዘመድ አበባና ቅጠል ከሻብ ጋር ወቅጠው ጥፍራቸውን በማሰር ያቀላሉ፤ ቀለሙ የመጀመሪያው በረዶ እስኪወርድ ከቆየ የመጀመሪያ ፍቅር ይሠምራል ይላሉ። የጥፍርን ዝግታ የሚያውቅ ሰው ይህን ውርርድ የማሸነፍ ዕድሉ ትንሽ አይደለም።

ወደ መድኃኒትነቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገጠር እንሶስላ ለጌጥ ብቻ አይሞቅም። ባዶ እግሩን ጭቃ ሲረግጥ የሚውል ገበሬ የእግር ጣቶቹ መካከል ሲልጥና ሲያሳክከው፣ ተረከዙም ሲሰነጠቅ እንሶስላ ያስራል። ወንዱም ለዚህ ሲሆን አያፍርም። ጭርት ላይ የሚለጥፉትም አሉ። ይህ እምነት መሠረት አለው። ሎሶንና የቅርብ ዘመዶቹ ፈንገስን ይጎዳሉ። በ1948 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከእንሶስላ የቅርብ ዘመድ ከሆነው የጓሮ አበባ ሜቶክሲ ናፍቶኪኖን የተባለ ውህድ ለይተው አውጥተው፣ ፈንገስ እንደሚከላከል አሳትመዋል። የጣት መካከል መላጥም ሆነ ጭርት የሚመጡት ከፈንገስ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ያገኙት መንገድ ከኬሚስትሪው ጋር ይገጥማል።

ሆኖም «ፈንገስ ይጎዳል» ማለትና «ያድናል» ማለት ይለያያሉ። አንደኛው ሥር ከሌላው ሥር የሚይዘው መጠን አይመሳሰልም፤ ከመሬት የወጣ ልምም ንጹሕ አይደለም። በተሰነጠቀ፣ በደማ ወይም በቆሰለ እግር ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ከፈንገሱ ይልቅ ሌላ ጀርም ማስገባት ይቻላል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ለዚህ አሳልፎ መስጠት የለበትም፤ ቁስሉ ሳይታወቀው ይከፋበታል። ዛሬ በየፋርማሲው በርካሽ የሚገኝ የፈንገስ ቅባት አለ፤ ጭርት ለያዘው ልጅ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። እንሶስላው ለበዓል ይቆይ።

መጠጣቱን ደግሞ ፈጽሞ አልመክርም። የዚህ ወገን ተክሎች በሰውነታቸው ውስጥ መርፌ የመሰሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጣሮች አሏቸው፤ አፍንና ጉሮሮን ይወጋሉ፣ ኦክሳሌቱ ራሱ ለኩላሊት ጥሩ አይደለም። ናፍቶኪኖኑም በደም ውስጥ ሲገባ ሌላ ባሕርይ አለው፤ እሱን ለብቻው ማንሣት ይሻላል።

አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኤንዛይም ያንሰዋል። ይህ ኤንዛይም ቀይ የደም ሴልን ከኦክሳይድ ጥቃት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ያነሰው ሰው ባቄላ ሲበላ ወይም ለወባ የሚሰጠውን ፕሪማኩይን ሲወስድ ቀይ ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። ሎሶንም እንዲሁ ኦክሳይድ የማድረግ ጠባይ አለው። የአዋቂ መዳፍ ወፍራም ስለሆነ ወደ ደም የሚዘልቀው ጥቂት ነው፤ የሕፃን ቆዳ ግን ስስ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የታተሙ የሕክምና ዘገባዎች ሂና በሰፊው የተቀቡ ይህ ጉድለት ያለባቸው ሕፃናት ደማቸው ፈርሶ ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ እንደደረሱ ይናገራሉ። ዘገባዎቹ ስለ ሂና ናቸው፤ ቀለም ሰጪው አንድ ስለሆነ ግን እንሶስላውንም አይቀሬ ይመለከታል። ስለዚህ ክርስትናም ይሁን ልደት፣ ጨቅላን እንሶስላ አታሙቁ። ከሞቀ በኋላ ሽንቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም የገረጣ ልጅ ካለ ሆስፒታል እስከሚደርስ መዘግየት አይገባም፤ የተቀባውንም ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው አደጋ ግን ከተክል የመጣ አይደለም። በዱባይም በጅዳም በአዲስ አበባም ውበት ሳሎኖች «ጥቁር ሂና» የሚሉት አለ። በአንድ ሰዓት ጥቁር ይሆናል፤ ሥዕሉም እንደ ቀለም እስክርቢቶ ጥርት ያለ ነው። እስካሁን ያልነው ትዝ ካለን ይህ ሊሆን እንደማይችል እናውቃለን፤ ሎሶን ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ ለመጥቆርም ቀን ይፈልጋል። በአንድ ሰዓት የጠቆረው የፀጉር ማጥቆሪያ ውስጥ የሚገባው ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ስላለበት ነው። አውሮፓ ይህን ኬሚካል በፀጉር ቀለም ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ቆዳ ላይ እንዲቀባ አልፈቀደችም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እንዲሁ አልፈቀደም። ቆዳ ሲቆጣ ሥዕሉ ባለፈበት መስመር ልክ ውሃ ይቋጥራል፣ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል። ሽፍታው ከሳምንት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ብዙ ሰው ከሳሎኑ ጋር አያገናኘውም። አንዴ ሰውነት ይህን ጠላት ካወቀ ደግሞ ዕድሜ ልክ አይረሳም፤ ከዓመታት በኋላ ፀጉር ስትቀባ ፊቷ የሚያብጥ ሴት ምክንያቱ የልጅነት ጥቁር ሂና ሊሆን ይችላል። ዐረብ አገር ሠርታ የምትመለስ እህት ለሠርጓ እንዲህ ያለውን ከምታስቀባ፣ እናቷ ጓሮ ያለውን ሥር ብትሞቅ ይሻላታል።

በአሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ዘመድ አላችሁ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጅረቶች ዳር በበጋ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ አበባ የምታወጣ፣ ፍሬዋ ሲነካ የምትፈነዳ ተክል ካያችሁ ጁዌልዊድ የሚሏት የእንሶስላ ዘመድ ናት። የአገሬው ቀደምት ሕዝቦች ፖይዘን አይቪ የተባለው መርዛማ ሐረግ የነካውን ቆዳ በግንዷ ጭማቂ ያሹ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይህን ይናገራል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሙከራ የተፈጨው ተክል ሽፍታውን እንደቀነሰ፣ ነገር ግን ሥራው ከሎሶኑ መጠን ጋር እንደማይገናኝ፣ ሳሙናም እንደሚረዳ አሳየ። ተመራማሪዎቹ በኋላ እንደገመቱት ጭማቂው የሚሠራው አረፋ የሚሰጡ ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች ስላሉበት ነው፤ ባጭሩ የዱር ሳሙና ነው። የሐረጉ ዘይት ቆዳ ላይ የሚጣበቀው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ፣ እዚያው ጅረቱ ላይ ከሆናችሁና ሳሙና ከሌላችሁ ጭማቂው ከምንም ይሻላል። ቤት ከደረሳችሁ ሳሙናውን ያዙ።

ወደ ደጋችን ስንመለስ አንድ ያልተነሣ ነገር ይቀራል። ሂና ቅጠሉ ተሸምጥጦ ቁጥቋጦው ይኖራል፤ በዓመቱ እንደገና ይሸመጠጣል። እንሶስላ ግን የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ የቆፈረው ሰው ተክሉን አብሮ ይወስደዋል። ደን ዳሩ ሲታረስ፣ ጅረቱ ሲደርቅ፣ የሚቆፍረውም ሲበዛ የዱሩ እንሶስላ ከመንደር እየራቀ መሄዱ አይቀርም። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም፤ ሥሩ እንደ ድንች ተከፍሎ ይተከላል። ቡቃያ ያለበትን የላይኛውን ክፍል አስቀርቶ ጎን ለጎን ያሉትን ወፍራሞቹን መውሰድ፣ ያንን አናቱን ደግሞ ግንቦት ላይ ጥላ ባለበት፣ ፍግ በተጨመረበት የጓሮ ጥግ መቅበር ነው። ውሃ በሚተኛበት ቦታ ግን ይበሰብሳል፤ ትንሽ ተዳፋት ይመረጥለት።